መሪነትን እስከ መጨረሻው ፊሽካ ማስጠበቅ፦ በጅማ ለሚገኙ የሰፈርና የትምህርት ቤት ቡድን አሰልጣኞች

በጅማ ከተማ በሚካሄዱ የቀበሌ፣ የትምህርት ቤትና የክረምት የእግር ኳስ ውድድሮች ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ችግር አለ። ቡድኑ ከእረፍት በፊት ግብ ያስቆጥራል፤ እስከ 70ኛው ደቂቃም ጨዋታውን ተቆጣጥሮ ይዘልቃል። ከዚያ በኋላ ግን ተከላካዮቹ ወደ ግባቸው እየተጠጉ፣ አማካዮቹ የተመለሰ ኳስ ላይ መድረስ እያቃታቸው፣ አሰልጣኙም ከመስመሩ ዳር ሆኖ እየጮኸ ይቆዩና ባለቀ ሰዓት አቻ ይሆናሉ ወይም ይሸነፋሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚጣለው በተጫዋቾቹ ጉልበት ላይ ነው። ጉልበት አንዱ ምክንያት መሆኑ አይካድም፤ በታላላቅ ውድድሮችም ቢሆን ከሌሎቹ የ15 ደቂቃ ክፍሎች ይልቅ በመጨረሻው 15 ደቂቃ ብዙ ግብ እንደሚቆጠር የታወቀ ነው። ይሁንና ድካሙ ለሁለቱም ቡድኖች እኩል ሆኖ ሳለ አንዱ ውጤቱን ሲያስጠብቅ ሌላው የሚጥለው በአብዛኛው በተጠባባቂ ወንበሩ አያያዝ ነው። ጨዋታ እንዲዘጋ የሚገባ ተቀያሪ ራሱን የቻለ ሥራ አለው፤ ሥራው የሚሰጠውም በ80ኛው ደቂቃ ሳይሆን በሳምንቱ የመጀመሪያ ልምምድ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ያ ሥራ እንዴት እንደሚሰጥና እንዴት እንደሚለመድ ያሳያል።

አንድ ግብ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለጅማ ሰው መንገር አያስፈልግም። ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በ2010 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ዋንጫውን አንስቶ፣ በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. በአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ ከግብፁ አል አህሊ ጋር ሲገናኝ ግብፅ ላይ 2 ለ 0 ተሸንፎ በአገሩ 1 ለ 0 አሸንፏል። ከውድድሩ የወጣው በድምር ውጤት 2 ለ 1፣ በአንዲት ግብ ልዩነት ብቻ ነው።

ግቡ ከየት እንደሚገባ ይወቁ

ማንን ልቀይር ከማለትዎ በፊት አንድ ደብተር ያዘጋጁና ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ የገባብዎትን ግብ ሁሉ ይመዝግቡ። በስንተኛው ደቂቃ እንደገባ፣ ኳሱ ከማን እግር ላይ እንደተነጠቀ፣ ከየትኛው መስመር እንደተሻማ፣ ያስቆጠረውን ተጫዋች መያዝ የነበረበት ማን እንደሆነ፣ ከግቡ በፊት በነበሩት አምስት ደቂቃዎች ውስጥም ቅያሪ ተደርጎ እንደነበር ይጻፉ። ከሁሉም በላይ የመጨረሻው መረጃ ትኩረት ይሻል፤ ቅያሪ በተደረገ ማግስት የሚገባ ግብ ከድካም ይልቅ የዝግጅት ጉድለት ምልክት ነውና።

መዝገቡ ሲከማች መልኩ ይወጣል፤ መድኃኒቱም እንደ መልኩ ይለያያል። ግቦቹ ከተሻሙ ኳሶች የሚመጡ ከሆነ ብዙ አሰልጣኞች ሦስተኛ የመሀል ተከላካይ ያስገባሉ። በእኔ እምነት ይህ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ መፍትሔ ነው፤ ምክንያቱም የደከመው በግንባሩ የሚገጨው ሰው ሳይሆን የሚያሻማውን ተጫዋች መቅረብ ያቃተው የመስመር ተከላካይና ከፊቱ ያለው የመስመር አማካይ ነው። ትኩስ ጉልበት የሚያስፈልገው እዚያ ነው፤ ኳሱ ከምንጩ ከታገደ በግብ ክልሉ ውስጥ ሦስት ረጃጅም ሰዎች መደርደር አያሻም። ግቦቹ ከረጅም ኳስ ቀጥሎ ከሚመለሰው ሁለተኛ ኳስ የሚመጡ ከሆነ ደግሞ መቀየር ያለበት የተከላካይ አማካዩ ነው። ያወጣችሁት ኳስ ሁሉ ወዲያው ተመልሶ የሚመጣባችሁ ከሆነ ችግሩ ከኋላ ሳይሆን ከፊት ነው፤ አጥቂው ኳስ ይዞ መቆየት አቅቶታል ማለት ነው። ከቆመ ኳስ የሚገቡ ግቦች የተለየ ትኩረት ስለሚፈልጉ ከታች እመለስባቸዋለሁ።

ጨዋታ የሚዘጋውን ሰው መምረጥ

በተጠባባቂ ወንበር ላይ ያለ ተጫዋች ሁሉ ለመጨረሻው ሰዓት አይሆንም። ሲመሩ የሚገባ ተጫዋች በመጀመሪያ ንክኪው ኳስ የማይሸሸው፣ ሜዳ ሲገባ ስሙን ለማስጠራት የማይቸኩል፣ ቀላሉን ኳስ በቀላሉ የሚጫወት መሆን ይኖርበታል። ፈጣን እግር ያለው፣ ነገር ግን ያገኘውን ኳስ ሁሉ እያታለለ ለማለፍ የሚሞክር ወጣት ሲመሩ ሳይሆን ሲመሩዎት የሚጠቅም ሀብት ነው። ይህን ልዩነት ለተጫዋቾቹ በግልጽ መንገር ተገቢ ነው፤ አለበለዚያ ያልገባው ልጅ በአሰልጣኙ የተናቀ ይመስለዋል።

ስለዚህ ነገር ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው እ.ኤ.አ. ግንቦት 26 ቀን 1999 በባርሴሎናው ካምፕ ኑ የተካሄደው የአውሮፓ ቻምፒየንስ ሊግ የፍጻሜ ጨዋታ ነው። ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር የተገናኘው ባየርን ሙኒክ ማሪዮ ባስለር በ6ኛው ደቂቃ ባስቆጠረው የቅጣት ምት ሲመራ ቆይቶ፣ በ80ኛው ደቂቃ አንጋፋውን ሎታር ማትዮስን አስወጥቶ ቶርስተን ፊንክን አስገባ። ውሳኔው በራሱ ስህተት ነበር ማለት አይቻልም፤ ማትዮስ የ38 ዓመት ሰው ነበር። ነገር ግን በጭማሪው ሰዓት ዴቪድ ቤካም ያሻማው የማዕዘን ምት በግብ ክልሉ ውስጥ ሲንከባለል ሊያወጣው የሞከረው ፊንክ ኳሱን አስተካክሎ ሳይመታው ቀረ፤ ኳሱ ከክልሉ ጠርዝ ለቆመው ራያን ጊግስ ደረሰ፤ ጊግስ ወደ ግብ የመታውን ቴዲ ሸሪንግሃም አቅጣጫ ቀይሮ አስቆጠረ። ብዙም ሳይቆይ ከሌላ የማዕዘን ምት ኦሌ ጉናር ሶልሻየር ሁለተኛውን ጨመረ። ሸሪንግሃምም ሶልሻየርም የዩናይትድ ተቀያሪዎች ነበሩ። ሶልሻየር በተጠባባቂ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የተጋጣሚን ተከላካዮች ድክመት እያጠና እንደሚቆይ ራሱ ተናግሯል። በዚያች ሌሊት ወሳኙን ኳስ የነኩት ከሁለቱም ወገን ከወንበር የተነሱ ሰዎች ነበሩ፤ ያሸነፈው ቡድን ግን በሚገባ የተዘጋጁ ተቀያሪዎች ነበሩት።

ከዚህ የሚወሰደው ተግባራዊ ነገር ግልጽ ነው። ለእያንዳንዱ ተቀያሪ ከጨዋታው መጀመሪያ ጀምሮ አንድ የሚከታተለው የተጋጣሚ ተጫዋች ይስጡት። የግራ ተከላካይ ሆኖ ሊገባ የሚችለው ልጅ የተጋጣሚን የቀኝ መስመር አጥቂ ይከታተል፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል ወይስ መስመሩን ይዞ ይሄዳል፣ በየትኛው እግሩ ያሻማል፣ ሲደክም ምን ያደርጋል የሚለውን በእረፍት ሰዓት ይጠይቁት። መልስ ያጣ ተቀያሪ ጨዋታውን እንደ ተመልካች እያየ መሆኑን በዚያው ይደርሱበታል።

በሳምንቱ ልምምድ ላይ

አብዛኛው የሰፈር ቡድን ለልምምድ የሚያገኘው ሜዳ በሳምንት ጥቂት ጊዜ፣ እሱም ከሌሎች ቡድኖች ጋር እየተጋራ ነው። ስለሆነም የመጨረሻውን ሰዓት ለብቻው ለመለማመድ ሌላ ቀን መፈለግ አይቻልም፤ በዚያው ልምምድ መጨረሻ ላይ 15 ደቂቃ ይመድቡለት። ቋሚዎቹ ሩጫውን ጨርሰው ደክመው ሳለ ግጥሚያ ያድርጉ፤ ውጤቱን 1 ለ 0 ብለው ይጀምሩ፤ ዳኛ ሆነው ፊሽካውን ራስዎ ይያዙ። ተቀያሪዎቹን ከዚያ በፊት 20 ደቂቃ ያህል አስቀምጧቸው፤ ምክንያቱም በጨዋታ ቀን የሚገቡት ተቀምጠው ከቆዩ በኋላ ነው። ሰውነታቸው ሳይቀዘቅዝ ወደ ልምምድ ግጥሚያ የሚገቡ ከሆነ በጨዋታ ቀን የሚያጋጥማቸውን ነገር አልተለማመዱም ማለት ነው።

በዚህ ልምምድ ላይ ሁለት ነገሮች ብቻ ይመልከቱ። አንደኛው ተቀያሪው በገባ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ የት እንደሚቆም ነው። ሁለተኛው በሜዳ ላይ ያሉት ሌሎቹ አሥር ሰዎች ከእርሱ ጋር በቃል መነጋገራቸው ነው። በጅማ ቡድኖች ውስጥ አንዱ በአማርኛ፣ ሌላው በአፋን ኦሮሞ መጥራቱ የተለመደ ሲሆን በዕለት ኑሮ አንዳችም ችግር አይፈጥርም። በ88ኛው ደቂቃ ላይ ግን ለአንድ ድርጊት አንድ አጭር ጥሪ ብቻ መኖር አለበት፤ ከግብ ክልል ለመውጣት፣ ኳሱን ለመልቀቅና ሰው ለመያዝ የሚውሉትን ቃላት ቡድኑ ራሱ መርጦ ይስማማባቸው፣ ግብ ጠባቂውም በልምምድ ሁሉ ይጠቀምባቸው።

የጨዋታው ቀን

ጅማ ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ደግሞ የከሰዓት ጨዋታ በደረቅ ሜዳ ይጠናቀቃል ብሎ ማቀድ የዋህነት ነው። ዝናብ ሲጀምር ተቀያሪዎች ወደ መጠለያ ይሮጣሉ፤ ይህ ትክክል ነው፣ ልብሳቸው ደረቅ ሆኖ መቆየት አለበት። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ ወጥተው በቀጥታ ወደ ሜዳ ሲገቡ ነው። እግሩ ጭቃውን ያልለመደው ተከላካይ በመጀመሪያ መዞሩ ይንሸራተታል፤ አጥቂውም በጎኑ ያልፋል። ስለዚህ ተቀያሪው ከመግባቱ 10 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ ይነሳ፤ ከሜዳው ውጪ ባለው ጭቃ ላይ በአጭር ርቀት ይሩጥ፣ ድንገት ይቁም፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዙር፣ ወደ ኋላ እየሮጠም በግንባሩ ኳስ ይምታ። በታኬታው ጥርሶች መካከል የተጠቀጠቀውን ጭቃ የሚያጸዳበት እንጨት ከወንበሩ አጠገብ ይቀመጥ። የረጠበ ኳስ ከግብ ጠባቂ እጅ ስለሚያመልጥ፣ ወደ ኋላ የተመለሰ ኳስም በውሃ በያዘ ቦታ ላይ ስለሚቆም፣ ለሚገባው ተከላካይ ወደ ግብ ጠባቂው ኳስ እንዳይመልስ አስቀድመው ይንገሩት።

አንድ የሚያሳዝን ትዕይንት በየውድድሩ ይታያል። አሰልጣኙ የልጁን ስም ይጠራል፤ ልጁ ጃኬቱን ያወልቃል፣ ከዚያ የቅልጥም መከላከያውን መፈለግ ይጀምራል። አንዱ ከቦርሳ ውስጥ ይገኛል፣ ሌላውን ቀድሞ የወጣ ጓደኛው አድርጎት ኖሯል። ያለ ቅልጥም መከላከያ መግባት ስለማይፈቀድ አራተኛው ዳኛ ይመልሰዋል። በዚህ መሀል ሊቀየር የነበረው የተጎዳ ተከላካይ እያነከሰ የማዕዘን ምት ይከላከላል። ይህን ማስቀረት አንድ ብር አያስወጣም፤ ከእረፍት መልስ ተቀያሪዎች ሁሉ የቅልጥም መከላከያቸውን አድርገው፣ ካልሲያቸውን ስበው፣ የታኬታቸውን ክር አስረው እንዲቀመጡ ማዘዝ ብቻ ይበቃል።

ጾምም በዕቅዱ ውስጥ መግባት አለበት። በረመዳን ወር ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት የሚጫወት ጾመኛ ከንጋት ጀምሮ ውሃ አልጠጣም፤ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ኦርቶዶክሳዊ ተጫዋችም ባዶ ሆዱን ነው። የእነዚህ ተጫዋቾች ድካም በ75ኛው ሳይሆን በ60ኛው ደቂቃ አካባቢ ሊጀምር ስለሚችል፣ በሳምንቱ ውስጥ ለየብቻ በአክብሮት ይጠይቋቸው፣ ቅያሪውንም በዚያ መጠን ወደፊት ያምጡት። ማንም ተጫዋች በጾሙ ምክንያት ከቋሚ አሰላለፍ መውጣት የለበትም።

መቼ ይቀየራል?

በቅድሚያ የውድድሩን ደንብ ያንብቡ። በከፍተኛ ደረጃ በሚካሄዱ ውድድሮች አምስት ተጫዋቾች መቀየር ይቻላል፤ ይህም ከእረፍት ሰዓቱ ውጪ ጨዋታውን ሦስት ጊዜ ብቻ በማቋረጥ መፈጸም አለበት። በታዳጊዎችና በሰፈር ደረጃ ግን የወጣ ተጫዋች ተመልሶ እንዲገባ የሚፈቅድ ደንብ ሊኖር ይችላል። ሦስቱን ዕድል በ65ኛው ደቂቃ የጨረሰ አሰልጣኝ በወንበር ላይ ሁለት ጤነኛ ተጫዋች ይዞ ምንም ማድረግ ሳይችል ይቀራልና ሁለት ሁለቱን በአንድ ጊዜ መቀየር ይለመድ።

ሰዓት ብቻ አይመልከቱ። ጨዋታው ሲቆም እጁን በጉልበቱ ላይ የሚያሳርፍ አማካይ፣ ለማጥቃት ወጥቶ በእርምጃ የሚመለስ የመስመር ተከላካይ፣ ከኋላ ሆኖ ማሊያ መጎተት የጀመረ ተጫዋች ቅያሪ እየጠየቀ ነው። የመጨረሻው በተለይ አደገኛ ነው፤ ቢጫ ካርድ ያለበት ከሆነ አሥር ሰው ሆነው ይጨርሳሉ። ምልክቱን ካዩ በኋላ አምስት ደቂቃ አይጠብቁ። ተጋጣሚዎ አቻ ከሆነ በኋላ የሚገባ ተከላካይ ለምን እንደገባ እርሱም አያውቅም።

በምንም ምክንያት የማዕዘን ምት ወይም በግብዎ አቅራቢያ የተሰጠ የቅጣት ምት እየተከላከላችሁ ሳለ አይቀይሩ። ይህ በእኔ አመለካከት ከሁሉም በላይ የሚጣስ ሕግ ነው። የማዕዘን ምት ሲመታባችሁ እያንዳንዱ ሰው ቦታ አለው፦ አንዱ ለኳሱ በሚቀርበው የግብ ቋሚ አጠገብ ይቆማል፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች የተጋጣሚን ምርጥ የግንባር ኳስ ተጫዋቾች ይይዛሉ፣ አንዱ በ16 ከ50 (በፍጹም ቅጣት ምት) ክልሉ ጠርዝ ላይ የሚመለሰውን ኳስ ይጠብቃል፣ አንዱ ደግሞ ወደ መሀል ሜዳ ቀርቦ ይቆማል። የተጋጣሚን 9 ቁጥር፣ ማለትም ዋና አጥቂውን፣ ይዞ የነበረው ሰው በዚያች ቅጽበት ሲወጣ የሚገባው ልጅ ገና ከመስመሩ እየሮጠ ሲደርስ ኳሱ ተመትቷል፤ 9 ቁጥሩም ብቻውን ነው። ኳሱ ወደ እናንተ የእጅ ውርወራ ወይም የግብ ምት እስኪሆን ይጠብቁ። ለሚገባውም በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይንገሩት፦ «የወጣውን ቦታ ትይዛለህ፣ በማዕዘን ምት 9 ቁጥር የአንተ ነው»። የቆመ ኳስ ቦታዎቹን የያዘ ወረቀት በላስቲክ ተሸፍኖ በረዳት አሰልጣኙ ኪስ ውስጥ ይኑር፤ ተቀያሪው መግባቱን ሲጠባበቅ በዓይኑ ይየው።

ከገቡ በኋላ

መሪ ቡድን ራሱ ወደ ግቡ መሸሹ ለተጋጣሚው ትልቁ ስጦታ ነው። ተከላካዮቹ በራሳቸው የፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ሲሰፍሩ፣ ተጋጣሚው ከክልሉ ውጪ ያለምንም ጫና ኳስ ይዞ ያሻማል፤ ትንሽ ጥፋትም ፍጹም ቅጣት ምት ትሆናለች። የኋላ መስመሩ ከ16 ከ50 ክልሉ ውጪ እንዲቆይ የሚያዝ አንድ ሰው ይኑር፤ ብዙ ጊዜ ለዚህ የሚመቸው ሙሉውን ጨዋታ ያየውና ትኩስ ጉልበት ያለው ተቀያሪ ነው። የገባው አጥቂ ደግሞ ኳስ ሲያገኝ ወደ ማዕዘኑ ባንዲራ ይውሰደውና በሰውነቱ ይሸፍነው። የእጅ ውርወራ እዚያ ማግኘት በመሀል ሜዳ አሥር ኳስ ከመቀባበል ይሻላል።

ሰዓት ማባከንን እንደ ስልት መያዝ አልመክርም። ዳኛው የባከነውን ሰዓት ይጨምራል፤ ያሳየው ጭማሪም ዝቅተኛው ነው፣ ሊረዝም ይችላል እንጂ አያጥርም። የሚቀየር ተጫዋች ከእ.ኤ.አ. 2019 ጀምሮ በሚቀርበው የሜዳ ጠርዝ በኩል መውጣት ስላለበት ሜዳውን በዝግታ አቋርጦ መምጣት ጥቅም የለውም። ከእ.ኤ.አ. 2025/26 የውድድር ዘመን ጀምሮ ደግሞ ግብ ጠባቂ ኳሱን ከ8 ሰከንድ በላይ በእጁ ከያዘ ለተጋጣሚው የማዕዘን ምት ይሰጣል፤ ዳኛው የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች እጁን አንስቶ ይቆጥራል። በ89ኛው ደቂቃ በዚህ ምክንያት የማዕዘን ምት መስጠት የሚያስከትለውን መገመት አያዳግትም፤ ግብ ጠባቂውን በልምምድ ላይ ጮክ ብለው እየቆጠሩ ያለማምዱት።

አቻ ከሆናችሁ

ከተቻለ አንድ ቅያሪ እስከ መጨረሻው ሳይነካ ይቆይ። ግብ ሲገባባችሁ የመጀመሪያው ሥራ ወደ ፊት መጣደፍ ሳይሆን የሚቀጥሉትን አምስት ደቂቃዎች ያለ ሁለተኛ ግብ ማለፍ ነው፤ አምበሉ ኳሱን ከመረብ አውጥቶ ቀስ ብሎ ወደ መሀል ይውሰድ፣ ሁሉም ቦታውን ይያዝ። ያ ፈጣን ልጅ፣ ሲመሩ አይሆንም ያልነው፣ አሁን ይግባ።

በጥሎ ማለፍ ውድድር ከሆነና ጨዋታው ወደ መለያ ምት የሚያመራ ከመሰለ፣ የቀረውን ቅያሪ በፍጹም ቅጣት ምት የተሻለ ለሆነው ግብ ጠባቂ ማዋል ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ዋንጫ የሩብ ፍጻሜ ጨዋታ ኔዘርላንድ ከኮስታሪካ ጋር ያለ ግብ ተለያይታ ወደ መለያ ምት ስታመራ፣ አሰልጣኙ ሉዊስ ቫን ሃል በተጨማሪው ሰዓት መጨረሻ ላይ ያስፐር ሲለሰንን አስወጥተው ቲም ክሩልን አስገቡ፤ ክሩል ሁለት ምት አድኖ ቡድኑ 4 ለ 3 አሸነፈ። ቅያሪው የግድ የመጨረሻው ፊሽካ ከመነፋቱ በፊት መፈጸም አለበት፤ መለያ ምቱ ከተጀመረ በኋላ ግብ ጠባቂን መቀየር የሚቻለው መቀጠል ካልቻለ ነው። ክሩል አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ሲለሰን ግን አልተነገረውም ነበርና ሲወጣ ንዴቱ በግልጽ ታይቷል። የእርስዎ ቡድን ዋና ግብ ጠባቂ ይህን ዕቅድ በጨዋታው ሳምንት ከእርስዎ አንደበት ይስማው።